ላንድሮቨሯን አትቀቧት

በዚህ አገር አሮጌ ነገር ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ የሚጥለው፣ ሌላው የሚያስጌጠው። የሚጥለውን እናውቀዋለን፤ ስንወቅሰውም ኖረናል። የሚያስጌጠውን ግን ደፍሮ የነካው ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም ይጨበጨብለታል። የዛሬው ጠቤ ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ላይ አሮጌ መኪና ማደስ ወግ ሆኗል። ቮልሷም፣ ፊያት 600ዋም፣ ፔጆዋም ከወደቀችበት ትነሣለች፤ በስቱኮ ትለሰናለች፤ ቀለም ትረጫለች፤ ፓራውልቷ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለወላል። ከዚያ ቅዳሜ ሙሽራ ትጭናለች፤ እሑድ ካፌ በር ላይ ቆማ ፎቶ ትነሣለች። ሰኞ ጧት ግን ባለቤቷ ወደ ሥራው የሚሄደው በሌላ መኪና ነው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው በገንዘቡ ያሻውን ያድርግ። ኃጢአቱ የሚጀምረው ይኸው ሰው ካራማራን ተሻግሮ ጅግጅጋ ሲገባ ነው።

ይመጣል። ሆቴል ይይዛል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «የድሮ ላንድሮቨር ያለው ሰው ታውቃላችሁ?» ይላል። እዚህ ከተማ ይህን መጠየቅ ድሮ ቢሆን ኖሮ ሐረር ገብቶ «ቡና የሚያፈላ ሰው ታውቃላችሁ?» እንደማለት ያስቅ ነበር። ዛሬም ቢሆን ግቢ ለግቢ ቢዞሩ ከግራር ሥር ወይም ከቆርቆሮ አጥር ጥግ ጎማዋ የበሰበሰ፣ ዶሮ የሚያድርባት አንዲት አትታጣም። ሰውየው ዙሪያዋን ይዞራል፤ በስልኩ ያነሣታል፤ «ዕቃዋ ሁሉ የራሷ ነው?» ይላል፤ በሯን ከፍቶ ይዘጋል። ከሥሯ ግን ጎንበስ ብሎ አያይም። ዋጋ ይጠራል፤ ዋጋው ለባለቤቱ ብዙ፣ ለሰውየው ትንሽ ነው። መኪናዋ በሌላ መኪና ጀርባ ተጭና ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የምናያት በፎቶ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ተቀብታ፣ ውስጧ ቆዳ ለብሶ፣ ጌጧ ሁሉ ክሮም ሆኖ። (ክሮም ለላንድሮቨር ምኗ ነው? ለሥራ የተሠራች የገበሬ መኪና እኮ ናት።)

ሻጭ ፈቅዶ፣ ገዥ ከፍሎ፣ አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ የሚል አይጠፋም። ጥልቅ ያደረገኝማ እንዲህ ነው። በዚህ አገር መንገድ ላይ እያቃሰቱም ቢሆን ባለቤቶቻቸውን የሚያበሉ ጥቂት ላንድሮቨሮች ተርፈዋል። የአንዷ ዲፈረንሻል ሲሰበር፣ የሌላዋ ካምቢዮ ሲያልቅ የሚተካላቸው ዕቃ ከሱቅ አይመጣም፤ ከወደቁት ነው የሚፈታው። እያንዳንዷ ተጭና የምትሄድ መኪና የሦስትና የአራት ሌሎችን ዕድሜ ይዛ ትሄዳለች። ሰውየው አንዲት መኪና ከሞት አዳንኩ ብሎ ለወዳጆቹ ያወራል፤ የገደላቸውን የሚቆጥርለት የለም።

ጉዳዩ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። አብሮ አደግ ጎረቤቶቼ በሆኑ የአንድ ቤት ልጆች ግቢ ውስጥ አንዲት ቆማለች። ሰውየውም ደርሶባታል፤ ዋጋም ጠርቶባታል። ታላቁ ልጅ «እንሽጥለት» ይላል። ታናሹ «ብረቷ ተቆራርጦ በኪሎ ይሸጥና ቦታው ላይ ሱቅ እንሥራበት» ይላል። እናታቸው፣ እኔም እንደ ሰፈሩ ልማድ «ኤዶ» የምላቸው (በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው)፣ «የአባታችሁ እጅ የነካው ነው፣ አይነካም» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ አለ፤ ከተማው በሙሉ «አዴር» ነው የሚላቸው፣ አጎቴ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ «ትነሣለች» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በመጨረሻ «አንተ የምትጽፍ ሰው ነህ፣ ፍረድ» ተባልኩ። ፍርዴ እነሆ፤ ሰውየውም እንዲያነበው በመጽሔት አወጣሁት።

መጀመሪያ ስለ ተከሳሿ ጥቂት ልበል። የፊት መብራቶቿ ከራዲያተሩ ግራና ቀኝ በፍርግርጉ ውስጥ የተሰደሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ላንድሮቨሮች መብራታቸው ወደ ጎንና ጎኑ መከላከያ ስለወጣ፣ ይህች ከዚያ የቀደመች መሆኗን ማንም መካኒክ በሩቁ ይነግራችኋል። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መንገዱን በግራ ይዛ ትነዳ እንደነበር ለዛሬ ልጆች ስንነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ባለቤቷ በእሷ ካራማራን ስንት ጊዜ እንደወጡና እንደወረዱ የሚያውቅ የለም። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ አራቱንም ካንዴላዎች ፈትተው ዱቄት ማድጋ ውስጥ ቀበሯቸው ይባላል፤ ማንም ወታደር መጥቶ አስነሥቶ እንዳይወስዳት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከተማዋ ስትመለስ ካንዴላዎቹ ከዱቄቱ ወጡ፤ መኪናዋም ተነሣች። ይህን ኤዶ ናቸው ያጫወቱኝ፤ ሲስቁ ዱቄቱን እያራገፉ ነው የሚመስሉት።

በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ሀርትሼክ ላይ ሲሰፍር፣ ያ ሜዳ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከመባል ደርሶ ነበር። ሜዳው ውሃ የለውም። ውሃ ከጅግጅጋ በመኪና ይጓዝ ነበር፤ በትልልቆቹ ቦቴዎች ብቻ ሳይሆን እንደዚህች ባሉት፣ በርሜል በርሜል እየተጫነ። ካምፑ በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ የእሷም ሥራ አብሮ ተዘጋ። ባለቤቷም አረጁ፤ ኋላም አረፉ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ቆማለች።

እንግዲህ ጥያቄው «ታሪክ አላት ወይ?» ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ አላት። ግን የዚህ አገር ጋኑም፣ ወፍጮውም፣ አህያውም ታሪክ አለው። ታሪክ ያለው ሁሉ ይታደስ ከተባለ የምንተኛበት ቦታ አይቀርም። ስለዚህ ታሪኳን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ከሥሯ እንግባ፤ ሰውየው ወዳላየበት።

ላንድሮቨር የተጠነሰሰችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የሮቨር ኩባንያ የምሕንድስና ኃላፊ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈች የአሜሪካ ዊሊስ ጂፕ ያሠራ ነበር፤ እሷ ስታረጅ በምን እተካታለሁ ብሎ ሲጨነቅ ነው አሳቡ የመጣለት ይባላል። ሚያዝያ 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየች። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ነበር፤ አሉሚኒየም ግን ከጦር አውሮፕላን ፋብሪካዎች ተርፎ ሞልቷል። ስለዚህ የመኪናዋን ልብስ ከአሉሚኒየም ሰፉላት። አጽሟ ግን ብረት ነው። ሻንሲዋም፣ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳም ብረት ናቸው።

ከከተማ የሚመጣ ገዥ የሚታለለው በዚህ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም። ሃምሳ ዓመት ውጭ ያደረች ላንድሮቨር ከሩቅ ስትታይ ደረቷን ነፍታ ነው የምትቆመው፤ ከውስጥ ግን አጽሟ እንደ ምስጥ የበላው ምሰሶ ሊሆን ይችላል። ቆንጆ ሬሳ ማለት እሷ ናት። ስለዚህ ዓይን አይበቃም፤ መዶሻ ያስፈልጋል። ከሥሯ በጀርባ ተኝቶ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ መኮርኮም ነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ እንደ እርጥብ ካርቶን ነው፤ የባሰበት ላይ መዶሻው ሰተት ብሎ ይገባል። በተለይ ከሻንሲው ጎን ወጣ ወጣ ብለው ጋቢናውን የሚሸከሙት ክንዶችና የኋላው ማሰሪያ ቀድመው ይሄዳሉ። እግር የሚያርፍበት የግድግዳው ታችኛ ጥግም እንዲሁ።

እንግሊዝ አገር ዝናቡና መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እነዚህን ቶሎ ይፈጃቸዋል። ጅግጅጋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ደረቅ ሜዳ ነው፤ ዝገት እዚህ ሰነፍ ነው። ሆኖም ጎማዋ ሟሙቶ አፈር ውስጥ የገባች፣ ፍየል ከሥሯ የሚያድርባት መኪና ከሆነች ሰነፉ ዝገትም ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው። የፍየል ሽንት ከጨው ምን ያንሳል?

ሞተሩ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲ.ሲ. ቤንዚን ሞተር ነው፤ ትሑት፣ ዘገምተኛ፣ ቤንዚን የሚወድ። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሞተር ይደርቃል፤ የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እዚህ ላይ ችኩል ሰው ባትሪ ያገናኝና አስነሣለሁ ብሎ ያለቀለትን ያስጨርሰዋል። የሚያውቅ ሰው አራቱን ካንዴላዎች ይፈታል፤ በየቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ያንቆረቁራል፤ ሳምንት ይተወዋል፤ ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ ማኒቬላውን ከፊት ያስገባና በእጁ ይሞክራል፤ በጉልበት ሳይሆን በልመና። ሩብ ዙር ከሰጠ ሙሉውን ይሰጣል። ካልሰጠ ቴስታታው ይወርዳል፤ ሥራው ወደ ሬትፊካ ይሻገራል፤ ኪስም አብሮ ይሻገራል። የደረቀ ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ግን ማን እጅ ላይ እንደወደቀ ይወስነዋል።

እጅ አልኩ፤ የነገሩ ሥር ይህ ነው። ሰውየውም፣ ታላቁ ልጅም፣ ታናሹም «ይህች መኪና ስንት ታወጣለች?» ብለው ነው የሚከራከሩት። ማንም «ከታደሰች በኋላ በሁለተኛው ዓመት ስትበላሽ ማን ይፈታታል?» ብሎ አልጠየቀም። መኪና አንድ ጊዜ አይታደስም። በየወሩ ነው የምትታደሰው። የሚያድሳት እጅ ከሌለ የዛሬው እድሳት ለቀብር የሚለበስ ሙሉ ልብስ ነው።

ሐረርን ተመልከቱ። ፔጆ 404 ፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 መሠራት የጀመረች፣ የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ቅርጿን ያወጣላት መኪና ናት። ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ ጭቃውንም አቧራውንም ታውቀዋለች። ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ 404ዎች ሐረር ላይ ታክሲ ነበሩ። አገር ጎብኚዎች ጀጎልን ሊያዩ መጥተው እነሱን ሲያነሡ ይውሉ ነበር። ማን አደሳቸው? ማንም! ግን እንዲሞቱም ማንም አልፈቀደላቸውም። ጧት ያልተነሣች 404 ለባለቤቷ ልጆች ምሳ አታመጣም፤ ስለዚህ ማታውኑ ትፈታለች። ኩሽኔታው ካልተገኘ የሌላ መኪና ኩሽኔታ ተሞርዶ ይገባል። የጠፋው ዕቃ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። መካኒኩ ልጁን፣ ልጁም የጎረቤቱን ልጅ አስተማረ። ያች መኪና ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረችው በፍቅር አይደለም፤ በሥራ ነው። ባጃጅ መጥቶ ሥራዋን ሲቀማት ደግሞ ፍቅር ብቻውን ሊያቆያት አልቻለም።

የውጭውን ዓለም የሚጠቅስብኝ አይጠፋም። አዎ፣ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያዎቹን ላንድሮቨሮች ሃያ አምስት መርጦ ከሥር ከመሠረቱ ማደስ ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር ደግሞ ከ1948 ጀምሮ የዘለቀው የጥንቱ ዘር የመጨረሻዋ ልጅ ከፋብሪካው ወጥታለች። መሥራቱን አቁመው ትዝታውን መሸጥ ያዙ ማለት ነው። ይቅናቸው! ገዥ አላቸው፤ ጋራዥ ያለው ቤት አላቸው፤ እሑድ እሑድ ለሽርሽር የሚወጡበት ለምለም መስክ አላቸው። እኛ ከእነሱ የምንቀዳው ይህን ከሆነ ግን የእነሱን ጡረታ ቀድተን የእነሱን ጉልበት ትተናል።

ለታናሹ ልጅ ፍትሕ ልስጥ፤ ከሁሉም የሚሻል ክርክር ያለው እሱ ነውና። ጅግጅጋ ሰፍታለች፤ መሬት ወርቅ ሆኗል፤ ያ ጥግ ላይ ሁለት ሱቅ ቢሠራበት በየወሩ ኪራይ ያስገባል። መኪናዋ ደግሞ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር የማያንስ ቤንዚን ትጠጣለች፤ የቤንዚን ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። መለዋወጫ ከውጭ ይምጣ ከተባለም፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አልፏል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ልጁ ድንጋይ ልብ ስላለው አይደለም እንዲህ የሚለው፤ ሒሳብ ስለሚችል ነው።

እንዲያውም ከእሱ ጋር አብሬ አንድ እርምጃ ልሂድ። በየግቢው ከቆሙት ከአሥር ላንድሮቨሮች ዘጠኙ መነሣት የለባቸውም እላለሁ። ሻንሲያቸው ያለቀ ይፈታ። ይህን የምለው ግን በኪሎ ተሸጠው ይቅለጡ ለማለት አይደለም። ካምቢዮው ለአንዷ፣ ባሌስትራው ለሌላዋ፣ ራዲያተሩ ለሦስተኛዋ ይሁን። በኪሎ የሚሸጥ ሰው የዲፈረንሻልንና የአጥር ቆርቆሮን ዋጋ አንድ ያደርጋል። ይህ ሒሳብ መቻል አይባልም።

ለኤዶም፣ እግራቸውን ስሜ፣ አንድ ነገር እላለሁ። ሟቹ ያችን መኪና እንደ ታቦት አልያዟትም። ጭነውባታል፣ ተሳድበውባታል፣ አሸዋ ላይ ስትቀርባቸው በእርግጫ ብለዋታል። «አይነካም» ማለት እሳቸውን ማክበር አይደለም። እሳቸው ነክተዋት ነው የኖረችው።

ነገር ግን ልጁ ሒሳቡን ሲያወጣ አንድ ቁጥር ረስቷል። ይህች አገር ከእንግዲህ መኪና እንደ ድሮ አታገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጣለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። አዋጆቹን እዚህ ልከራከርባቸው አልመጣሁም፤ አዲስ አበባ ላይ የሚታየውን ጭስ እኔም አሽትቻለሁ። ግን ሕጉን የጻፈው ሰው ከአስፋልት ወርዶ ያውቃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ከጅግጅጋ ወጥታችሁ ወደ ደምበል አቅጣጫ ስትሄዱ መንገዱ አፈር ይሆናል፤ ከዚያ ኮረት ይሆናል፤ ከዚያ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ወንዝ የሚሆን አሸዋ ውስጥ ይገባል። እዚያ የኤሌክትሪክ መኪና ምን ሰክታ ትሞላለች? ባጃጅ አሸዋው ላይ ትሰምጣለች። ትልቁ አይሱዙ ለአሥር ጀሪካን የግመል ወተት ብሎ አይገባም። ወተቱ እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት ገበያ ካልደረሰ ሴትዮዋ ከሥራለች። በእጅ የምትፈታ፣ በመዶሻና በሽቦ የምትጠገን፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት መኪና የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ በፊት ያ እንግሊዛዊ ለእርሻው ያሰባትም ለዚሁ ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ትነሣ፤ ግን ለሥራ ትነሣ። ለሥራ ካልሆነ ዛሬውኑ ትፈታ። መካከለኛ መንገድ የለም።

ለሥራ ትነሣ ስል ቅድሚያ አለው። ከመዶሻውም በፊት ሊብሬው ይምጣ። ሊብሬዋ በሟቹ ስም ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማንም አያዞረውም። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መመሳሰል አለበት። በነዚያ የሀርትሼክ ዓመታት ሞተር ከመኪና መኪና ሲዞር የኖረ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስንት ሰው ገንዘቡን በሞተር ላይ አፍስሶ፣ ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ ቁጥሩ አልመሳሰል ብሎት መኪናውን እንደገና ዶሮ ማደሪያ አድርጓታል!

ሁለተኛው አዴር ናቸው። እሳቸው ጤና እያሉ ነው የሚሠራው ከተባለ የሚሠራው። ግን ብቻቸውን አይሥሩ። ሁለት ልጆች ከጎናቸው ይቁሙ፤ ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የወጡ፣ የቶዮታ ሞተር የሚያውቁ፣ ካርቡሬተር ግን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች በዚህ ከተማ ሞልተዋል። ደመወዛቸው ይከፈል። ሰውየው ለቀለምና ለቆዳ አወጣዋለሁ ካለው ገንዘብ ላይ እኩሌታው ለዚህ ይበቃ ነበር። አዴርን «ለልጆቹ ምን ይከፈላቸው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሻያቸውን አስቀምጠው «መጀመሪያ እጃቸውን ልየው» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ሦስተኛው ገቢዋ ነው። የሚጭናት ሰው ሳይገኝ አንድ ቡሎን አይፈታ። ወተት የሚሰበስቡት ሴቶች ተጠይቀዋል፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከየትኛው ሜዳ፣ በጀሪካን ስንት እንደሚከፍሉ ተናግረዋል። የተናገሩት ለቤንዚኑና ለልጆቹ ደመወዝ ይበቃል፤ ትርፉ ትንሽ ነው። ታናሹ ልጅ ይህን ሲሰማ ወረቀት አውጥቶ መደመር ጀመረ፤ ከሱቁም አሳቡ ገና አልወጣም። ሱቁ ቢሠራም እኮ አልከፋም፤ የምትሠራ መኪና ጥግ ይዛ አትቆምም።

ሻንሲው ተኮርኩሟል። ከፊት እስከ መካከል ጮኸ። ከኋላ በግራ በኩል፣ ፍየሎቹ በሚያድሩበት ወገን፣ መዶሻው ገባ። አዴር የበሰበሰውን ቆርጠው ከሌላ ሻንሲ እንደሚቀጥሉት ተናግረዋል፤ ሌላ ሻንሲ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከሁለት ቤት በኋላ ባለው ግቢ አጽሟ ከመካከል የተቆረጠ፣ ሞተር የሌላት እህቷ ተኝታለች። የኋላው ማሰሪያ፣ ባሌስትራዎቹና የፊት ዲፈረንሻሉ ከእሷ ይወጣሉ፤ ባለቤቱም ተስማምቷል። ሞተሩ ናፍጣና ዘይቱን ጠጥቶ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ማኒቬላው ገና አልተሞከረም።

ሰውየው እንደገና ደውሏል አሉ። መልሱን ታላቁ ልጅ ይንገረው፤ እኔ ግን ምክር አለኝ። ከሁለት ቤት በኋላ ያለችው ያች እህት ዕቃዋ ሁሉ ከተፈታ በኋላ የአሉሚኒየም ልብሷ ሙሉ ነው፤ በሮቿ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ፍርግርጓም አልተነካም። እሷን ይግዛት። ካፌ በር ላይ ለመቆም ሞተር አያስፈልግም፤ ቀለም ደግሞ እንደፈለገ ያብዛላት።